ካናዛዋ የቀረችው ስኒ

ስኒዋን በካልሲ ጠቅልዬ ነው ከአዲስ አበባ ጃፓን ድረስ ይዣት የሄድኩት። ሦስት ቦታ ተሰብራለች። እኛ ቤት አፏ ትንሽ የተሸረፈች ስኒ እንኳ ለእንግዳ አትቀርብም፤ ይቺን ግን እናቴ መጣል አልሆነላትም። 2 ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ቆየች።

ቶኪዮ ላይ የገባሁበት ትምህርት አናደደኝ። ማስታወቂያው “ባህላዊ ኪንትሱጊ በአንድ ቀን” ይላል፤ ኪንትሱጊ የተሰበረ የሸክላ ዕቃን አጣብቆ ስንጥቁን በወርቅ የማስጌጥ የጃፓን ጥበብ ነው። 12 ሺህ የን ከፈልኩ። የራስሽን ዕቃ ካመጣሽ ተብሎ ሌላ 3 ሺህ ተጨመረብኝ። ከዚያ መምህሩ ሁለት ቱቦ አወጣ። ኢፖክሲ ነው፣ የፋብሪካ ማጣበቂያ! “ወርቁም” የናስ ዱቄት ነበር። ለጌጥ ዕቃ ይሁን፣ ግን ባህላዊ ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም። ስኒዬን ወደ ካልሲዋ መለስኳት።

በማግስቱ ኡኤኖ ወዳለው የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ባኮሃን የሚባለውን አረንጓዴ የቻይና ጎድጓዳ ሳህን ፍለጋ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ወታደራዊ ገዢ (ሾጉን) የነበረው አሺካጋ ዮሺማሳ ሳህኑ ቢሰነጠቅበት፣ ተመሳሳይ እንዲልኩለት ወደ ቻይና ሰደደው ይባላል። እንደሱ ያለ ከእንግዲህ አይገኝም ብለው ስንጥቁን በብረት ሽቦ ጠምደው መለሱለት። ያን ቀን ለእይታ አልወጣም ነበር። በጣም ቆጨኝ።

ከዚያ ወደ ካናዛዋ ከተማ ሄድኩ፤ ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ናት። የጃፓን የወርቅ ቅጠል (እንደ ወረቀት በስሱ የተቀጠቀጠ ወርቅ) ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚሠራው እዚህ ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ከ70 ያለፉ አንዲት ባለሙያ ጋር ወሰደችኝ። ሰንሰይ (መምህር ማለት ነው፣ እንዲያ ነው የምንጠራቸው) ስኒዋን አገላብጠው አዩና “ምን ይጠጣባታል?” አሉ። ቡና አልኩ። ወርቅን ያነሳ የለም።

ኪንትሱጊ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ወርቁን ነው። ስባሪውን የሚይዘው ግን ኡሩሺ ነው፤ ከዛፍ ቅርፊት የሚንጠባጠብ ፈሳሽ። ሰንሰይ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ አቡክተው ኡሩሺውን ጨመሩበት። ሲስቡት እንደ ክር ይዘረጋል። በስባሪው ጠርዝ ላይ በስሱ ቀባን፣ ገጠምን፣ በወረቀት ፕላስተር አሰርን።

ከዚያ ስኒዋ እርጥብ ጨርቅ ያለበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገባች። ኡሩሺ የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ እርጥበትና ሞቅ ያለ አየር ይፈልጋል። እናቴ ስልክ ላይ ይህን ስነግራት አላመነችም። “ፀሐይ ላይ ብታወጧትስ?”

ኡሩሺ ቆዳም ያቃጥላል። እንደ ክር የሚሳበውን ኡሩሺ በጣቴ ልዳብሰው ብዬ ለአፍታ ጓንቴን አወለቅኩ። በሦስተኛው ሌሊት ክንዴ አብጦ፣ ሲያሳክከኝ አደረ። ዓይኔን አልከደንኩም። ጠዋት መድኃኒት ቤት ገብቼ የስልኬን አስተርጓሚ ሳልከፍት፣ ሻጯ ክንዴን አይታ “ኡሩሺ?” አለችኝ። ቅባቱን ራሷ ቀባችልኝ። ያቺን ሴት አልረሳትም።

ሙጫው ብቻ ለመጠንከር 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ እኔ የቀረኝ 4 ቀን ነው። ሰንሰይ ግን ባዶ እጄን አልሰደዱኝም። ለወራት ሲያዘጋጁት የነበረ የራሳቸውን ሳህን ሰጡኝ። ስንጥቁ በኡሩሺና በድንጋይ ዱቄት ተሞልቶ፣ በውሃ ተሞርዶ ለስልሷል። በቀጭን ብሩሽ ቀይ ኡሩሺ አሰመርኩበት። እጄ ተንቀጠቀጠ። መስመሩ ጠጠር እስኪል ጠበቅንና የወርቁን ብናኝ በሐር ጥቅልል ነሰነስን። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ወርቅ የመጣው ያኔ ነው።

በመጨረሻው ቀን ስሜን ወረቀት ላይ ጻፊ አሉኝ። በአማርኛ ጻፍኩት። ከስኒዋ ሥር አድርገው ሳጥኑን ዘጉት። ለተረፈው ሥራ ልከፍል ብል “ስትመለሺ” አሉ።

ቦሌ ስደርስ እናቴ ገና ሳትስመኝ “ደረቀች?” አለች።

“ገና ናት።”