በደመና ውስጥ ማረፍ፦ የኤፍ-16 አይኤልኤስ ልምምዴ የት ደረሰ?

ሰላም የዲሲኤስ (የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ) ልጆች። በኤፍ-16 ተዋጊ ጄት የአይኤልኤሱ (መንደርደሪያው ሳይታይ በሬዲዮ ምልክት ተመርቶ የማረፊያው ዘዴ) ነገር የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ባጭሩ ደህና ነው። አሁን ደመናውንም ጭጋጉንም ዝቅ አድርጌ ነው የምለማመደው። መንደርደሪያውን የማየው መሬት ልነካ ትንሽ ሲቀረኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሰላም እወርዳለሁ።

የምለማመደው ጨዋታው ውስጥ ባለው ካውካሰስ ካርታ ላይ፣ ጆርጂያ ያለችው ባቱሚ ኤርፖርት ነው። ወደ መንደርደሪያ 13 የሚገባው በጥቁር ባሕር በኩል ስለሆነ ከስር ያለው ውሃ ብቻ ነው፣ ማታ ደግሞ ከፍታን በዓይን ልገምት ብትሉ የምትይዙት ነገር የለም። ማታ ጣና ዳር የቆመ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደጀመረ ማን ያውቃል?

ቅንብሩ ቀላል ነው። የአይኤልኤሱን ማብሪያ አዙሩ፣ ቲ-አይኤልኤስ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ 11030 (የባቱሚ አይኤልኤስ ፍሪኩዌንሲ፣ 110.30) ብላችሁ ኢንተር በሉት፣ የመንደርደሪያውን አቅጣጫ አስገቡ፣ ኤችኤስአዩን (አቅጣጫ የሚያሳየውን መሣሪያ) ወደ አይኤልኤስ ቀይሩ። አለቀ።

እኔን የለወጠኝ ግን አሠራሩን ማወቄ ነው። ሎካላይዘሩ (ግራና ቀኙን የሚመራው ማሰራጫ) 90 እና 150 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆችን ይልካል። ወደ መንደርደሪያው ስትገቡ በግራ በኩል ከሆናችሁ 90ው ይበረታል፣ በቀኝ ከሆናችሁ 150ው፣ እኩል ሲሆኑ መሃል ላይ ናችሁ። ግላይድ ስሎፑም (የቁልቁለቱን መንገድ የሚመራው) እንደዚሁ ነው፤ ከላይ 90፣ ከታች 150። ስለዚህ ይህን የሚያሳያችሁ የአይኤልኤስ መስመር የሚነግራችሁ አሁን የት እንዳላችሁ ብቻ ነው። ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ አያውቅም! እሱን የሚያውቀው ሃድ (ከፊታችሁ ያለው መስታወት ማሳያ) ላይ ያለው የበረራ አቅጣጫ ምልክት ነው። ለዚህ ነው መስመሩን ማሳደድ የማያዋጣው፤ መስመሩ ወደ ቀኝ ከሄደ ምልክቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጉና ጠብቁ፣ መመለስ ሲጀምር ቶሎ አቃኑት። ወደ መንደርደሪያው በቀረባችሁ ቁጥር ጨረሩ ስለሚጠብ እጃችሁም አብሮ መቀነስ አለበት።

ቁልቁለቱ 3 ዲግሪ ነው። በግምት ለእያንዳንዱ ኖቲካል ማይል 300 ጫማ ማለት ነው፤ 3 ማይል ሲቀራችሁ 900 ገደማ ላይ ካልሆናችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የመውረጃ ፍጥነት ለማግኘት ከመሬት አንጻር ያላችሁን ፍጥነት በ5 አባዙ። በ160 ኖት ከሆነ በደቂቃ 800 ጫማ። ግላይድ ስሎፑን ሁልጊዜ ከታች ያዙት፣ ምክንያቱም ከላይ በኩል ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ የውሸት ጨረር አለ፤ እሱን ተከትሎ መውረድ ራስን መቅበር ነው። 200 ጫማ ላይ የመንደርደሪያው መብራት ካልታየ ጋዝ ሰጥቶ መውጣት ነው እንጂ ክርክር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቱሚ ባሕር ጠለል ላይ ነው። የኛ ባሕር ዳር ኤርፖርት ግን ወደ 1,800 ሜትር፣ ማለትም ወደ 6,000 ጫማ ይጠጋል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት ጠቋሚው ያው 160 ቢልም እውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ነፋስ ከሌለ በደቂቃ 880 አካባቢ መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባቱሚ ላይ የለመዳችሁትን ቁጥር ከፍታ ወዳለበት ሜዳ ይዛችሁ አትሂዱ። ኤፍ-16ን ስታሳርፉ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ የጥቃት ማዕዘኑን (ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን) ተከተሉ፤ 11 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ከያዛችሁት ክብደቱ ቢለያይም ይሠራል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ) የሌላችሁ ልጆች፣ መብራት 2 ማይል ላይ ሲሄድ ምን እንደሚሰማ ታውቁታላችሁ፣ አላወራም።

ቀጣዩ ኤፍ-18 ነው። እሱ ላይ የሲቪል አይኤልኤስ የለም፣ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቧን አይሲኤልኤስ (የራሷን የማረፊያ መምሪያ) ነው የሚጠቀመው፣ መርከቧም ዝም ብላ አትቆምላችሁም። እዚህ ባሕር ዳር ያገለገለ የእግር ፔዳል የሚሸጥ ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።