ስሕተት የሌለው ካርታ

በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ስለዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ሲወራ የሚነገረው ውኃው ጥሩ ሆኖ መውጣቱ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት በስብሰባ ላይ የተባለውን የሚያስታውስ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ እኔም የማስታውሰው ነገሩ እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው።

ሥራው በስምጥ ሸለቆው ወለልና በገደላማው ጠርዝ መካከል ባለ አንድ ወረዳ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን የፍሎራይድን መጠን በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በካርታ ማሳየትና ለአዲስ ጉድጓድ ቦታ መጠቆም ነበር። በዚያ አካባቢ ለሠራ ሰው ችግሩ እንግዳ አይደለም። ከደጋው የሚወርደው ውኃ ካልሲየም ስላለው ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ የመዝቀጥ ዕድል አለው፤ ውኃው በእሳተ ገሞራ አመድና በሐይቅ ደለል ውስጥ እያለፈ ወደ ወለሉ በተጠጋ ቁጥር ግን ካልሲየሙን በሶዲየም እየለወጠ ስለሚሄድ ፍሎራይዱን የሚይዘው ነገር ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወለሉ ላይ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ውኃ የሚሰጡ ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች አጥንት ላይ የደረሰው ጉዳት በሙያው ያለ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

የተረከብነው መረጃ እንደ ተለመደው ነበር። የከፊሎቹ ጉድጓዶች መገኛ በአዲንዳን፣ የከፊሎቹ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባሉ የተለያዩ የመገኛ መለኪያ ሥርዓቶች ተመዝግቦ፣ የቱ በየትኛው እንደሆነ ሳይጻፍ በአንድ ሰንጠረዥ ተቀላቅሏል። ሁለት መቶ ሜትር ገደማ የሚሆነው ልዩነት በወረዳ ካርታ ላይ ለዓይን አይታይም፤ የልኬቶች ልዩነት ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየው ቫሪዮግራም ሲሠራ ግን በአጭር ርቀት ላይ ያሉትን ነጥቦች ያበላሻቸዋል። በእጅ የተቆፈሩትና ጥልቅ ጉድጓዶቹም አልተለዩም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያልተጻፈው ነው፤ ፍሎራይዱ በዝቶ የተዘጋ ጉድጓድ ከመዝገቡ ስለሚወጣ፣ ፋይሉ የሚያውቀው በሥራ ላይ የቀሩትን ብቻ ነው።

ይህን በተቻለ መጠን ካጠራሁ በኋላ ልኬቶቹን ወደ ሎጋሪዝም ለውጬ፣ ከጠርዙ ወደ ወለሉ ያለውን አጠቃላይ ዝንባሌ ለይቼ፣ በቀሪው ላይ ቫሪዮግራሙን ሠራሁ። የምድሩ ስንጥቆች በሚሄዱበት በሸለቆው ርዝመት አቅጣጫ የጉድጓዶቹ ተመሳሳይነት ሩቅ ይዘልቃል፤ ስንጥቆቹን አቋርጦ ሲኬድ ቶሎ ይጠፋል። ናጌት የሚባለው የቅርብ ርቀት ልዩነት ትልቅ ነበር፤ ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶች እንኳ አይስማሙም ማለት ነው። በመጨረሻ፣ ካሉት ልኬቶች ተነሥቶ ያልተለካውን ቦታ የሚገምተው ክሪጊንግ የተባለው ዘዴ ሁለት ካርታ ሰጠኝ፤ አንዱ ግምቱን፣ ሁለተኛው የግምቱን ስሕተት የሚያሳይ።

ጭቅጭቁ የተነሣው በመካከል ካለው ባዶ ቦታ ነው። በአንድ በኩል ከጠርዙ ሥር ያሉት ደህና ጉድጓዶች፣ በሌላው በኩል የወለሉ መጥፎ ጉድጓዶች ሲኖሩ፣ በመካከላቸው አንድም ልኬት የሌለበት ሰፊ መሬት አለ፤ ውኃ የሚጠይቀውም ሕዝብ የሚኖረው እዚያው ነው። ክሪጊንጉ እንደ ልማዱ ሁለቱን ጎኖች አስታርቆ 1.3 የሚል ግምት አስቀመጠ። በሁለተኛው ካርታ ላይ ግን ያው ቦታ ከሁሉ የጠቆረው፣ ማለትም ስሕተቱ ከሁሉ የበዛበት ነበር።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ኃላፊያችን ጂአይኤስ የተባለው የኮምፒውተር ካርታ ሥራ ሳይኖር ድንጋይ በመዶሻ እየሰበሩ ብዙ ጉድጓድ ያስቆፈሩ ሰው ናቸው፤ ሙያቸውን አልክድም። በስብሰባው ላይ ከወንበራቸው ተነሥተው ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ስንት ይላል?»

«1.3 ይላል፤ ነገር ግን…»

«1.3 ከ1.5 ያንሳል ወይስ አያንስም?»

«ያንሳል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ካርታ መሠረት እውነተኛው መጠን ከ0.5 እስከ 3.4 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው አታውቂውም።»

«ምን ያህል እንደማላውቀው ግን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ይህን መልስ ቀድሜ አላዘጋጀሁትም ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴ ደስ አለኝ። ደስታው የእኔ ብቻ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝና ይህን ዘዴ ያመጣው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥሬ፣ ዳኒ ክሪግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1951 በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ላይ በሠራው ጥናት መሠረቱን እንደጣለ፣ ጆርጅ ማተሮን የተባለ ፈረንሳዊም በ1960ዎቹ የሒሳብ መልክ እንደሰጠው ማብራራት ጀመርኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ አቋርጠው፣ «እኔ የላክሁሽ ለውኃ ነው እንጂ ለወርቅ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ከመብረዱ በፊትም ውሳኔው ተላለፈ፤ ሁለተኛው ካርታ ከሪፖርቱ ይውጣ፣ የመጀመሪያው በትልቁ ይታተም። ከመቆፈሩ በፊት በባዶው ቦታ ዙሪያ ካሉት የእጅ ጉድጓዶች ናሙና ይወሰድ ብዬ ነበር፤ የሚፈልገው አንድ መኪናና ጥቂት የመስክ ቀናት ብቻ ነው። ነገር ግን ሰኔ 30 ደርሶ ነበር። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ በሚሆንበት ወቅት ናሙና እንሰብስብ የሚል ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያይ በመንግሥት ሥራ ያለፈ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሙያው ላላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቫሪዮግራሙ አንዴ ከተወሰነ በኋላ የክሪጊንግ ስሕተት የሚሰላው ጉድጓዶቹ ከተቀመጡበት አኳኋን ብቻ ነው፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተለካውን መጠን አያይም። በሁለት ጉድጓዶች መካከል ፍል ውኃ የሚያወጣ ስንጥቅ ቢያልፍ፣ ካርታው ስለ ስንጥቁ አንዳች አያውቅም። ስለዚህ ከሪፖርቱ የወጣው ካርታ ራሱ ጥርጣሬውን ያሳነሰ እንጂ ያጋነነ አልነበረም። ይህን በስብሰባው ላይ አለመናገሬ በጀኝ፤ ብናገረው ኖሮ የመጀመሪያውም ካርታ አብሮ ይወጣ ነበር፣ ወይም እኔ እወጣ ነበር።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። የላቦራቶሪው ባልደረባችን ውጤቱ ከጣሪያው በታች መሆኑን ደውሎ ነገረኝና «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ቅር ብሎኝ ነበር። የወረዳው እናቶች ከእንግዲህ የልጆቻቸውን ጥርስ የማያበላሽ ውኃ ሊቀዱ ነው፣ እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የተበደልኩ ያህል ተኮሳትሬያለሁ። ራሴን ለማጽናናት ሒሳቡን መለስ ብዬ ሠራሁት፤ ግምቱና ስርጭቱ እንዳልኩት ከሆነ ውኃው ከጣሪያው በታች የመሆን ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነበር፣ ስለዚህ ውጤቱ ከሞዴሌ ጋር አይጋጭም። መጥፎ ይሆናል ብዬም አላውቅም። አይታወቅም ነው ያልኩት፤ አይታወቅም ያለ ሰው ደግሞ ውጤቱ ወዲህም ቢሆን ወዲያ የሚያጨበጭብለት የለም። ይህንን ለባልደረቦቼ ላስረዳ ስሞክር በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ግን እኮ ጥሩ ሆነ» አሉኝ።

ጋሼ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ያቺ ሁለተኛዋ ካርታሽ አሁን ምን ትላለች?» ይሉኝ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ይወዱኛልም። ነገር ግን ያ ጉድጓድ ከዚያ ወዲህ ማስረጃ ሆነ፤ በማንኛውም ፕሮጀክት ላይ ጥርጣሬ ያነሣ ሰው ካለ እሱ ይጠቀሳል።

በሚቀጥለው ሥራ አካሄዴን ለወጥሁ። የስሕተት ካርታ ለሰው የማይገባ ከሆነ ብዬ፣ በኢንዲኬተር ክሪጊንግ የፍሎራይዱ መጠን ከ1.5 የማለፍ ዕድል ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ አቀረብኩ። ጋሼ አንድ ቦታ መርጠው ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ 35 በመቶ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«ከ50 በታች ነዋ! አለቀ፣ ይቆፈር።»

ከሦስት ጉድጓዶች አንዱ መጥፎ ሊሆን ይችላል ማለት እንደሆነ፣ የአንድ ጉድጓድ ወጪም ቀላል እንዳልሆነ ተናገርኩ። «ሁለቱ ደህና ናቸዋ» ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። ቀጥሎ ደግሞ ስሕተቱ ከተወሰነ መጠን ያለፈበትን መሬት ምንም ቀለም ሳልቀባ ነጭ አድርጌ ተውኩት። ይህ በብዙ ቦታ የሚሠራበት፣ በእኔም አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው አቀራረብ ነው፤ ልኬት ከሌለበት ቦታ ላይ ማንም ቁጥር ሊያነብ አይችልምና። ረቂቁን ያዩት የደንበኛው ተወካይ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የማተሚያው ቀለም አልቆ ነው?» የሚል ነበር።

ጋሼ ነጩን ቦታ እንዲሞላው ለአንድ ወጣት ባልደረባችን ሰጡት። ልጁ ብልህ ነው፤ ኢንቨርስ ዲስታንስ በተባለው ቀላል ዘዴ ሠራውና ከቀትር በፊት ጨረሰ። ዘዴው ለቅርብ ጉድጓድ ከፍ ያለ፣ ለሩቁ ዝቅ ያለ ክብደት ሰጥቶ አማካዩን ከማውጣት አያልፍም፤ ቫሪዮግራም አይፈልግም፣ የግምቱን ስሕተትም አያሰላም። ካርታው ከዳር እስከ ዳር በቀለም ተሞልቶ ሲወጣ ጋሼ ጠርተው አሳዩኝ።

«አየሽ፣ ይኸኛው ስሕተት የለውም።»

«እውነትዎን ነው፣ የስሕተት ካርታ አያወጣም» አልኳቸው።

ራሳቸውን በእርካታ ነቅንቀው ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ልጁን አዘዙት። ሪፖርቱ ሲታተም፣ በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ፣ የተመረጠው ዘዴ የስሕተት ካርታ የማያስፈልገው መሆኑ ተመራጭ እንዳደረገው የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ገብቶ ነበር፤ ከአዘጋጆቹም መካከል የእኔ ስም ሁለተኛው ላይ ተጽፏል።