የባንድ ልጆችን በእረፍታቸው ማንሳት፦ ከሃምቡርግ ፎቶዎች የቀዳሁት

ሰሞኑን የመድረክ ፎቶ ማንሳት ትቼ የሰፈራችን የሮክ ባንድ ልጆች ልምምድ ቤት ነው የማመሸው። ማይክ ይዞ አፉን የከፈተ ዘፋኝ የትም ቦታ ያው ነው። ሰው ሰው የሚሸት ፎቶ የሚገኘው ሊጀምሩ ሲሉና ሲያርፉ ነው።

ለዚህ ያነሳሱኝ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ቢትልስ ሳይታወቁ ጀርመን፣ ሃምቡርግ ውስጥ የተነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. 1960 ነው። በኋላ ድራመራቸው የሆነው ሪንጎ ገና አልመጣም፤ ድራም ላይ ፒት ቤስት፣ ቤዝ ላይ ስቱዋርት ሳትክሊፍ አሉ። ጊታሪስቱ ጆርጅ የ17 ዓመት ልጅ ነው። የከተማዋ ልጅ አስትሪድ ኪርሽሄር ካይዘርኬለር በሚባል ምድር ቤት ክለብ ሲጫወቱ አየቻቸው። ከዚያ ሮሊኮርድ ካሜራዋን ይዛ ዶም ወደሚባለው የመዝናኛ ሜዳ በቀን ብርሃን ወሰደቻቸው። ጊታራቸውን አስይዛ እዚያ የቆመ የጭነት መኪና አጠገብ አቆመቻቸው። ልብ በሉ፣ በድብቅ አላነሳቻቸውም። ግን ለካሜራ ብሎ የሚገለፍጥ የለም።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የጓደኛዋ የዩርገን ፎልመር ፎቶ ነው፤ 1961፣ እዚያው ሃምቡርግ። የቢትልሱ ጆን ሌነን በር ተደግፎ ቆሟል። ከፊቱ የሚያልፉት ሦስት ሰዎች ደብዝዘዋል። ማን መሰሏችሁ? ፖል፣ ጆርጅና ስቱዋርት! ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ) ዘገምተኛ ስለሆነ የቆመው ጠርቶ ወጣ፣ የሚራመዱት ተድበሰበሱ። ጆን በ1975 ለሮክ ኤንድ ሮል አልበሙ ሽፋን ያደረገው ይህንኑ ፎቶ ነው።

እኔም ሞከርኩት። ፍላሽ የለም፣ 35 ሚሜ ሌንስ፣ ሻተር 1/15 ሰከንድ። ካሜራውን አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲጫወቱ ስለሚንቀጠቀጥ በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው የሚሆነው። ድራመሯ ስቲኮቹን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ የተላጠ ጣቷን ልታሽግ ፕላስተሩን በጥርሷ ይዛ ሐሳብ ይዟት ሄዷል። ጊታሪስቱ ኬብል እየጎተተ በፊቷ አለፈ። እሱ ጭስ ሆኖ ወጣ። የእሷ ፕላስተር ግን ጠርዙ ሳይቀር ይታያል።

ልጆቹ እስኪለምዱኝ ካሜራዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አብሬያቸው ሻይ ስጠጣ ነበር። አሁን ስገባ ቀና ብሎ የሚያየኝም የለም።

የቀረኝ የመብራቱ ጣጣ ነው። የካሜራዬን ድምፅ አልባ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ስጠቀም የክፍሉ ኤልኢዲ አምፖል ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይሠራብኛል። ስለዚህ ሲጫወቱ ድምፅ ባለው በሜካኒካሉ ሻተር ላነሳ ነው። ድራም እየተደበደበ የእኔን ‹ቀጭ› ማን ይሰማዋል!