ሐሙስ ማታ ወስነው አርብ ድንኳን ለሚጭኑ

ዲሲና ዙሪያዋን ያለን ሀበሾች፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አሌክሳንድሪያ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የስራ ሺፍታችንን የምናውቀው ሳምንቱ አፍንጫችን ስር ሲደርስ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ሼናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ደሞ የካምፕ ቦታውን ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ነው ሚያስይዘው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ቀይ በቀይ ሲሆን እዛ ማደር ሚፈልግ ሰው ኤፕሪል ላይ፣ ሁዳዴ ሳይፈታ፣ ቁጭ ብሎ ቡክ ማድረግ አለበት ማለት ነው፣ ማነው ከኛ መሀል እንደዛ ሚያቅደው፣ እኛ እኮ ሰርግ ራሱ እንደዛ አናቅድም። ሐሙስ ማታ ግሩፑ ላይ አንዱ «እንውጣ እንጂ ባካችሁ» ይላል፣ ሌላው ዌብሳይቱን ከፍቶ «ሙሉ ነው» ብሎ ስክሪንሾት ይለጥፋል፣ በቃ ወሬው እዛ ጋ ይሞታል።

እኔ «ሙሉ ነው» ሚለውን ነገር አላምነውም። ማቲውስ አርም፣ ቢግ ሜዶውስ እና ሎፍት ማውንቴን የሚባሉት ትልልቆቹ ካምፖች ሚያዙት ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ሚባል ዌብሳይት ላይ ነው፣ እዛ ቦታ ይዞ ሚሰርዝ ሰው 10 ዶላር ይቆረጥበታል፣ ሳይሰርዝ ቆይቶ የመግቢያው ዋዜማ ከደረሰ ግን ከ10 ዶላሩ በላይ የአንድ ሌሊት ክፍያም ይበላበታል። እና ለአርብ የያዘ ሰው ዝናብ አለ ሲባል ወይ ልጁ ሲያተኩስበት መቼ ይሰርዛል? እሮብ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ። ስለዚህ እሮብ ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብላችሁ ፔጁን ሪፍሬሽ ማድረግ ነው። ቦታ ሲለቀቅ ኢሜይል ሚልክ ኖቲፊኬሽንም አለው፣ አብሩት አይከፋም፣ ግን ኢሜይሉን አይታችሁ እስክትገቡ ሌላው ወስዶት ይጠብቃችኋል፣ በእጅ መፈለጉ ይሻላል ባይ ነኝ። ደሞ ሁለት ሌሊት አንድ ላይ አትፈልጉ፣ አንድ አንድ ሌሊት ለየብቻ ፈልጉ፣ ድንኳን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ስንፍና ካልሆነ በቀር ምንም አይደለም። እሁድ ማታ ኦፍ የሆናችሁ ሰዎች ደሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመለከታችሁም፣ እሁድ ከሰዓት ሁሉም ጠቅልሎ ሲወጣ እናንተ ትገባላችሁ።

አራተኛው ካምፕ ሉዊስ ማውንቴን ነው፣ ፓርኩን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ማይል 57.5 አካባቢ። ትንሽ ነው፣ ሪዘርቬሽን የለውም፣ ቀድሞ የመጣ ነው ሚይዘው (ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ፔጅ እዩ፣ አሰራር ይቀያይራሉ፣ በብርዱ ወራትም ይዘጋል)። ሐሙስ ወይ አርብ ጠዋት በጊዜ ሄዳችሁ፣ የሚወጡ ሰዎች መኪናቸውን ሲጭኑ ስታዩ ጠጋ ብሎ ሰላም ማለት ነው። ይሄንን ቦታ ስወደው ሌላም ምክንያት አለኝ። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ተብሎ የተለየ ቦታ ነበር፣ የቨርጂኒያ የዘር ክፍፍል ፓርኩ ውስጥም ገብቶ፣ ጥቁር ቤተሰብ ማደር ሚችለው እዛ ብቻ ነበር፣ ክፍፍሉ ሙሉ ለሙሉ የቀረው በ1950 ነው። «ካምፒንግ የነጭ ነገር ነው» ለሚሉኝ ዘመዶቼ ይሄንን እነግራቸዋለሁ። አክስቴ ግን «ሰው ቤት እያለው ጫካ ያድራል?» ከሚለው ፍንክች አላለችም።

እሺ፣ ሁሉም ሞላ እንበል። መንገድ ዳር እይታ ቦታ ላይ መኪና አቁሞ መተኛት አይቻልም፣ አትሞክሩት፣ ሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) መስኮት ያንኳኳል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ሚመጣው። ከፓርኩ በስተምዕራብ ሸለቆውን ስትሻገሩ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት አለ። ሁለቱም የመንግስት ነው ግን ባለቤታቸው ለየቅል ነው፣ ፓርኩ በሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ስር፣ ፎረስቱ በግብርና ሚኒስቴር ስር። ግብርናው በአብዛኛው ጫካው ላይ ያለ ክፍያ፣ ያለ ሪዘርቬሽን ማደር ይፈቅዳል፣ አይሆንም የሚል ታፔላ እስከሌለና የሰው ግቢ እስካልገባችሁ ድረስ። ሰው አድሮበት የሚያውቅ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልጉ፣ ከወንዙ ራቅ በሉ፣ ሽንት ቤት የለም፣ ትንሽ አካፋ ይዛችሁ ስድስት ኢንች ያህል ትቆፍራላችሁ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ይሄን ካደረጋችሁ ሌላ ማንም ሚጠይቃችሁ የለም። መኪና የት ድረስ እንደሚገባ ሚያሳየውን የፎረስቱን ማፕ ግን ከቤት ዳውንሎድ አድርጉ፣ ኔትዎርክ የለም ስል የለም ማለቴ ነው።

ጫካ ለብቻ ማደር ለሚፈራ (እኔም ከልጅ ጋር ስሆን እፈራለሁ) መሀለኛው ነገር ዎልፍ ጋፕ የሚባለው የፎረስቱ ካምፕ ነው። ከሀይዌይ 66 ወደ 81 ትገባላችሁ፣ ኤዲንበርግ ከተማ ላይ በመውጫ 279 ትወጣላችሁ፣ ከዛ በመንገድ 42 ሄዳችሁ 675ን ይዛችሁ ጠመዝማዛውን ትወጡታላችሁ፣ ጫፉ ላይ ከዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ጋ ነው። አስር የማይሞሉ ወይ እዛው አካባቢ የሆኑ ቦታዎች፣ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ የጉድጓድ ሽንት ቤት፣ በነፃ። ውሃ ከቤት ጫኑ፣ ነዳጅም ኤዲንበርግ ሞልታችሁ ውጡ። ከካምፑ በእግር ቢግ ሽሎስ ሚባል አለት ጋ ትወጣላችሁ፣ ከአለት ወደ አለት በእንጨት ድልድይ ነው ሚሻገረው፣ እይታው ከስካይላይን ድራይቭ ያንሳል ሚለኝ ሰው ካለ እንከራከራለን።

አንዴ እዛው ጠዋት ጓደኛዬ ቡና ስትቆላ ጎረቤት የተከለ ፂማም ሽማግሌ ጭሱን ተከትሎ መጣ፣ አቦሉን ጠጥቶ «ታንክ ዩ» ብሎ ሊነሳ ሲል በረካ ሳይጠጡ አይኬድም ብላ አስቀመጠችው፣ ሰውየው ግራ ገብቶት ስኒውን ባየ ቁጥር ትሞላለታለች። በመጨረሻ የወረቀት ሰሀን ገልብጦ ዎልፍ ጋፕ ሲሞላ የት የት ታጥፈን ነፃ ቦታ እንደምናገኝ ስሎ ሰጠን። አዳኝ ነው፣ ጫካውን እንደ ጓዳው ነው ሚያውቀው። ሰሀኑ አሁንም መኪናዬ ውስጥ አለ፣ ከአፑ ይሻለኛል።

የማገዶ ነገር። ፓርኩ ውስጥ ከውጪ ማገዶ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት ስለሚያመጣ፣ በሙቀት ታክሞ ማህተም ያለው ካልሆነ በቀር። ከፓርኩ ካምፕ ወጣ ብላችሁ በእግር ገብታችሁ የምታድሩ ከሆነ ደሞ እሳት በአብዛኛው አይፈቀድም፣ ፈቃድም ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ደሞ ከፌብሯሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ጫካ አጠገብ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 4 በፊት እሳት አይነድም የሚል ህግ አላት፣ ስለዚህ የጸደይ ምሳ በጋዝ ምድጃ ነው። እና ድብ አለ፣ ቀልድ አይደለም፣ ጥብስ ጠብሳችሁ ቅቤ የነካው ድስት ውጪ ትታችሁ አትተኙ፣ ኩለሩም በርበሬውም ልጆቹ የበሉት ብስኩትም መኪና ውስጥ ገብቶ ይቆለፍ፣ ድንኳን ውስጥ ምንም ምግብ አይግባ።

በሉሬይ ከተማ በኩል መቅረብ ለሚፈልግ ማሳኑተን ተራራ ላይ ካምፕ ሩዝቬልት አለ፣ ነፃ አይደለም ግን ርካሽ ነው፣ በ1933 ስራ አጥ ወጣቶችን ጫካ ላይ ያሰማራው የሩዝቬልት ፕሮግራም በሀገሩ የመጀመሪያውን ካምፕ ያቆመው እዛ ነው። ኖቬምበር ላይ ፎረስቱ ውስጥ አጋዘን አደን ስለሚኖር ብርቱካንማ ሰደርያ ልበሱ፣ ልጆቹንም አልብሱ።

ከዎልፍ ጋፕ እስከ ፓርኩ የፍሮንት ሮያል በር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሆኖ ለ7 ቀን ስለሚያገለግል አንድ ሰፊ መኪና ላይ ተጨናንቃችሁ ግቡ፣ ሌላውን መኪና ካምፑ ጋ ተዉት። ኦክቶበር ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ጋ የሚሰለፈው መኪና ያናድዳል፣ ቁርስ ሳትበሉ ተነሱ። ኦልድ ራግ ተራራን ልትወጡ ካሰባችሁ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 የቀን ቲኬት በኦንላይን ቀድሞ ይገዛል፣ ዋጋው ኢምንት ነው ግን መነሻው ጋ ስልክ ስለማይሰራ ከቤት ገዝታችሁ ስክሪንሾት ያዙ።