ጓሳ የሚዘጋበት ምክንያት

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመርካቶ ነጋዴዎችን መዝገብ ነው የምይዘው። ሐምሌ ከገባ ስልኬ ከእጄ አይወርድም፤ አንዱ የሽያጭ ማሽኑ ዜድ ሪፖርት ጠፋብኝ ይላል፣ ሌላው ቫት የሚያሳውቅበት ቀን እንዳለፈው ትዝ የሚለው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። «እህቴ፣ ተኝተሽ ነው እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። ብተኛስ!

ሐምሌስ ይሁን፣ ሥራው ነው። የሚገርመው ጥር ላይም እንደዚያው መሆኑ ነው። ስልኩ ባይጮህ እንኳ እንዳይጮህ እያልኩ አላንቀላፋም። በዚህ ሰሞን ታዲያ «ወጣ በይ፣ ተፈጥሮን ተመልከቺ፣ አእምሮሽ ይረፍ» የሚሉኝ ሰዎች ያበሽቁኝ ነበር። እውነት ለመናገር አሁንም ያበሽቁኛል። ተፈጥሮ የሰላም ቦታ ነው የሚል ሰው ጭላዳዎች በማለዳ ከገደሉ ወጥተው ሲጨቃጨቁ አልሰማም። ሆኖም መንዝ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ስላልለቀቀኝ።

የአካባቢው ፀጥታ ከመደፍረሱ በፊት ነው፤ ጓደኞቼ ቀይ ቀበሮ እናያለን ብለው ጓሳ ወሰዱኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር፣ ከዚያ መዘዞን አልፎ፣ መሐል ሜዳ ሳይደረስ የሚገኝ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ የሣር አገር ነው። ቀበሮዋን አየናት። በጭላዳዎቹ መንጋ መሐል እየተሹለከለከች አይጥ ታድናለች፤ ግልገሎቻቸው አጠገቧ እየፈነጩ ዞር ብላ አታያቸውም። ጓደኞቼ ፎቶ ሲያነሱ ዋሉ። እኔ ግን ዓይኔን የያዘው ጅብራው ነው።

ጅብራን የማያውቅ የለም፤ በር ላይ ቆሜ በቀረሁ ቁጥር እናቴ «ምን እንደ ጅብራ ትገተሪያለሽ!» ትለኝ ነበር። በአካል ቀርቤ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ቅርንጫፍ የለውም። አናቱ ላይ ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠሎች በዙሪያው ተዘርግተዋል። አመሻሹ ላይ ብርዱ መጣ ስንል ቅጠሎቹ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየታጠፉ መሐሉን ከደኑት። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ተመልሼ ሄድኩ። የውጨኛው ቅጠል ላይ አመዳይ ጋግሯል፣ ስነካው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጣቴን በቅጠሎቹ መሐል ሰደድ አደረግሁ፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ አመዳይ አልደረሰበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የውጭ ቅጠሎቹ በብርድ ቢጠጥሩም ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኙ ይመለሳሉ። ጅብራው የሚያድገው ግን በመሐለኛው ለጋ ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ውርጭ ካገኘው አለቀ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ማታ ይከደናል፣ ጠዋት ይከፈታል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል።

የደንበኛ ቁጣ ቀን ቢያገኘኝ ግድ የለኝም፣ ውጭውን ነክቶ ያልፋል። ሲመሽ ግን ልቤን ከፍቼ እያደርኩ ነበር።

ሣሩን ያስረዱኝ በርኖስ የደረቡ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። «ዝም ብሎ የበቀለ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ጓሳ ይጠበቅ የነበረው ቄሮ በሚባል የጋራ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ይመርጥ ነበር፤ አካባቢው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋ ነበር። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም ነበር። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ያጭድ ነበር፤ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ከዚያ መልሶ ይዘጋ ነበር።

«አባባ፣ ሲዘጋ የሚቸገር ሰው አልነበረም?» አልኳቸው።

«እንዴት አይኖርም ልጄ! ጣሪያው የሚያፈስበት አለ፣ ከብቱ የሚከሳበት አለ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይጠብቃል። ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደል?»

ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰና ጓሳ ተጎዳ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መለሰው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የድሮውን አላሞካሹትም። ደስ ያለኝም እሱ ነው። ስለ አእምሮ ጤና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሰበከው «ራስሽን አስቀድሚ» ማንንም ዋጋ የማያስከፍል ነገር ይመስላል። እኒህ ሰው ግን ሲዘጋ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ያውቃሉ፤ አውቀውም መዘጋት አለበት ይላሉ።

አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሥራ ስልኬን እዘጋለሁ። እናቴና ዱባይ ያለችው እህቴ የሚያውቁት ሌላ ቁጥር አለኝ። አንድ የቆየ ደንበኛዬ ተናዶ መዝገቡን ወደ ሌላ ሒሳብ ሠራተኛ ወሰደ፤ ገንዘቡ ጎድሎብኛል፣ አልዋሽም። ሌሎቹ ትንሽ አጉረመረሙና ለመዱት። ከሁሉ የከበደው ስልኩ ተዘግቶም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማን ደውሎ ይሆን እያልኩ መገላበጤ ነበር። ሐምሌን ግን አልዘጋም። ጓሳም የሚከፈትበት ጊዜ አለው፤ የእኔ አጨዳ ሐምሌ ነው፣ በዚያ ወር ከምሽቱ አምስት ሰዓት የሚደውል ሰው መልስ ያገኛል።

መሄድ የምትፈልጉ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ። ከጥቅምት በኋላ ቀኑ ብራ ነው፣ ሌሊቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ የመንዝ ባና ካላችሁ ያዙ፣ ቀላል ጃኬት አይመክተውም። ጅብራውን ተከድኖ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ተነሱ፤ ፀሐይ ካገኘው መከፈት ይጀምራል።