ልጅ የለኝም

ደብረ ብርሃን በሞግዚትነት የገባሁት ኅዳር ላይ ነው። የኅዳሩን ውርጭ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከመሐል ሜዳ ያመጣኝ ደላላ መንገድ ላይ የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «ልጅ አለኝ እንዳትዪ። ማንም አይቀጥርሽም።» እሺ አልኩ። የዘጠኝ ወር ልጄን ለእናቴ ትቼ ነበር የመጣሁት።

እትዬ የወሊድ ፈቃዳቸው አልቆ ቢሮ ገብተዋል። ከወለዱ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ብቻ ነበር። ይህን ለማሙሽ ማን ነግሮት! ጡጦውን በምላሱ እየገፋ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። የኔ ጡት ደግሞ አግቶ ቀሚሴን ያርሰዋል። አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ዘጋሁና አጠባሁት። እጄ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱም አጠባሁት። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ማታ ጋሼ የአሜሪካ ፊልም ከፈቱ። እያቆሙ ይተረጉሙልናል። ሲያትል የሚባል ከተማ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሞግዚት ይቀጥራል። ሴትየዋ ባሏ ራሱን ያጠፋ፣ ፅንሷም የጨነገፈባት ናት። ጥፋተኛ የምታደርገው የቤቱን እናት ነው። ስሟን ቀይራ ልትበቀል ገባች። የእናትየዋን የአስም መድኃኒት ተደብቃ ባዶ ታደርጋለች። እኔ ጥግ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ «ኧረ ይቺ እባብ!» እላለሁ። ከዚያ ሴትየዋ ሌሊት ተነሥታ ሕፃኑን ከአልጋው አነሣችና ጡቷን አጎረሰችው።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ። እኔ የሽንኩርቱን ሳህን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እሷ ለበቀል ነው፣ እኔ አዝኜለት ነው እያልኩ ስገላበጥ ነጋ። ከውጭ ለሚያይ ግን ሁለታችንም የሰው ልጅ ተደብቀን የምናጠባ ነን።

እሁድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቡና አፍልቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ስኒውን አስቀመጡና «ደም ተመርምረሻል?» አሉኝ።

ፊልሙ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። እኔም አስቤው አላውቅም። ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋል እኮ! ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። ውጤት እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማሙሽ እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል፤ እሳቸው መልሰው ያቅፉታል።

ነጻ ነኝ። እትዬ አለቀሱ። የወሩን ደመወዝ ሙሉውን ሰጡኝና አሰናበቱኝ። አልፈረድኩባቸውም። በደላላው ግን እስካሁን እፈርዳለሁ። በራሴም ትንሽ።

ዛሬ እዚያው ደብረ ብርሃን ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። ባለፈው ወር ሕፃን የምትይዝልኝ ፈልጌ አንዲት ልጅ አመጡልኝ። ገና ሳትቀመጥ «ልጅ አለሽ?» አልኳት።

«የለኝም» አለችኝ። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች።