የእማዬ 3 ሳምንታት በኖርዌይ

ሐምሌ 16፣ ኦስሎ

ትናንት እማዬን ሸኘኋት። ቤቱ ጭር ብሏል። ሶፋው ላይ አጣጥፋ የተወችው ብርድ ልብስ እዚያው ነው፤ ማንሳት አልቻልኩም። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እዚህ አገር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ኖርዌይን አላውቃትም ነበር። ሥራ፣ ቤት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ። ሰው ደውሎ "ብመጣ የት የት ልይ?" ሲለኝ ሌሎች ሲሉ የሰማሁትን ነበር የምደግምለት። አሁን የራሴ መልስ አለኝ። እማዬ ናት የሰጠችኝ።

ኦስሎ ላይ ብዙ አልቆየንም። ኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣን። ነጭ ድንጋይ ነው፤ ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቶ እንደ ዳገት ከፍ ይላል፤ ማንም ሰው ሳይከፍል ይራመድበታል። በማግስቱ ቪጌላንድ መናፈሻ ሄድን። ከ200 በላይ ሐውልቶች አሉ፤ ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው ማለት ይቻላል። እማዬ አንገቷን ደፍታ አለፈቻቸው። ጫፍ ላይ ያለው ዓምድ ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። 121 ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ተቃቅፈው ወደ ላይ ሲወጡ ያሳያል።

"ይኼ ሁሉ አንድ ድንጋይ ነው?"

"አዎ፣ አንድ ወጥ ድንጋይ።"

"ይኼማ የላሊበላ ሥራ ነው" አለችና ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

ሰኔ 28 ጠዋት የበርገን ባቡር ተሳፈርን። ማንም ቢጠይቀኝ የመጀመሪያው ምክሬ ይኼ ነው፤ በአውሮፕላን አትሂዱ። መስመሩ ከ1909 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቀኖቹን በእኛ ነው የምጽፈው)። ከኦስሎ በርገን 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰባቱም ሰዓት መስኮት ላይ ያልቃል። እማዬ የሰኔ ጾም ላይ ስለነበረች ቆሎ ቋጥራ ነበር። ማዶ ለተቀመጡት ባልና ሚስት ዘገነችላቸው። መጀመሪያ ደንገጥ አሉ። ከዚያ በሉ፤ ደግመውም ዘገኑ።

ፊንሴ የሚባል ጣቢያ ላይ ስንደርስ ዛፍ የሚባል ጠፋ። የመስመሩ ከፍተኛው ጣቢያ ነው፤ 1,222 ሜትር። በዚያ በበጋቸው በረዶው ከሐዲዱ ዳር አልለቀቀም። ማዶ ተራራው ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ተኝቷል።

"ስንት ሜትር ነው አልሽኝ?"

ነገርኳት።

"የእኛስ ደብረ ብርሃን?"

"ከ2,700 በላይ ነው እማዬ።"

ዝም አለች። ደብረ ብርሃን ገብስ ይበቅላል፣ ባቄላ ያብባል፣ በግ ይረባል። የኖርዌይ ትልቁ ተራራ ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው። ከእማዬ ጓሮ ያንሳል። እኔም ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ወደ ዋልታው ሲጠጉ ፀሐይ አግድም ስለምትመጣ ሙቀቷ ይሳሳል ብዬ አስረዳኋት። "ታዲያ እኛ ቀን ከሌሊት ብርድ ብርድ እያልን የምናማርረው ምን ሆነን ነው?" አለች።

ሚርዳል ላይ ወረድን። መኪና የማይገባበት ጣቢያ ነው፤ ባቡር ትወርዳላችሁ፣ ባቡር ትሳፈራላችሁ። ወደ ፍሎም የሚወርደው ባቡር ሞልቶ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። በሐምሌ የምትሄዱ ከሆነ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ867 ሜትር ከፍታ ባሕር ዳር ያደርሳል። 20 ዋሻዎች አሉት። 18ቱ በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው። መሀል ላይ ሾስፎሰን የሚባል ፏፏቴ ጋ ባቡሩ ቆሞ ሰዉን ያወርዳል። ሁሉም ስልኩን አወጣ። እማዬ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሁለት እጇን ዘረጋች። ጭጋጉ ፊቷን አራሰው። "ጸበል ነው፣ ነይ" አለችኝ። ሄድኩ። ከእሷ ጎን ቆሜ ረጠብኩ።

ፍሎም ሁለት ሌሊት አደርን። በማግስቱ መኪና ተከራይቼ ቦርጉንድ የሚባል የድሮ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። የጉዞው ሁሉ ልብ ለእኔ እዚያ ነው።

መንገዱ በሌርዳል ዋሻ ያልፋል። 24.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓለም ረጅሙ የመኪና ዋሻ። በ2000 ነው የተከፈተው። መሀል ለመሀል ሦስት ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ በሰማያዊ መብራት ይደምቃል፤ ሾፌሩ እንዳይፈዝ ታስቦ የተሠራ ነው። እማዬ ስንገባ "በስመ አብ" ያለች ስንወጣ ነው "አሜን" ያለችው።

ቦርጉንድ ስንደርስ ቀኑ ሞቅ ብሎ ነበር። ከማየታችን በፊት ሸተተን። የቅጥራን ሽታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው፤ ዝናብና በረዶ እንዳይበላው በየጊዜው የጥድ ቅጥራን ይቀቡታል። ስለዚህ ጥቁር ነው። ጣሪያው በጣሪያ ላይ ተደራርቦ ይወጣል፤ ክዳኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሯል። ከላይ የዘንዶ ራሶች አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ያያሉ።

"ቤተ ክርስቲያን ላይ ዘንዶ?" አለች እማዬ ፊቷን ቋጠር አድርጋ።

"ክፉ መንፈስ እንዳይቀርብ ነው ይላሉ።"

"እንግዲያው ዘበኛ ነው።" አለፈችላቸው።

በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ትኬት የምታየው ልጅ አያስፈልግም አለቻት። ተረጎምኩላት። "ለእሷ ብዬ አይደለም የማወልቀው" አለችና በባዶ እግሯ ገባች። እኔም አወለቅኩ። ጣውላው ቀዝቃዛ ነው፤ መሀሉ በሰው እግር ብዛት ሰርጎድ ብሏል።

ውስጡ ጨለማ ነው። መስኮት የለም፤ ከጣሪያው ሥር ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። ከዚያ የሚወርደው ብርሃን ምሰሶዎቹ ላይ ሲያርፍ ዓይን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ምሰሶዎቹ ሙሉ የጥድ ግንዶች ናቸው። አግዳሚ ወንበር አልተደረደረም። ድሮ ሰዉ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን። ይኼን ስነግራት እማዬ ተገረመች። ግድግዳውን የሚዞር ጠባብ መተላለፊያ አለ። በቀስታ ዞረችውና "ቅኔ ማኅሌቱ ይኼ ነው" ብላ ፈረደች።

የተሠራው በ1180 ገደማ ነው። ይኼን ጽሑፍ ሳነብ ቆም አልኩ። በእኛ አገር የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው። ላስታ ላይ ሰዎች ድንጋይ ሲፈለፍሉ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሰዎች እንጨት እየጠረቡ ነበር። ስለ እኛ አልሰሙ፤ እኛም ስለ እነሱ። ለእማዬ ነገርኳት። ምሰሶው ላይ እጇን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ድንጋይ ይቆያል፤ እንጨት 800 ዓመት መቆየቱ ግን ሰው ሳይሰለች ስለጠበቀው ነው። እንዲህ ያሉ የእንጨት ቤተ ክርስቲያናት በአንድ ወቅት ከ1,000 በላይ እንደነበሩ ይገመታል። ዛሬ 28 ቀርተዋል።

"የቀሩት የት ገቡ?"

"በሰበሱ። ጠበቡን ብለውም ያፈረሷቸው አሉ።"

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። የራሷን አጥቢያ የሚያፈርሱባት ይመስል።

ስንወጣ ደጁን ልትሳለም ጠጋ አለች። ፀሐዩ ቅጥራኑን አለስልሶት ኖሮ የነጠላዋ ጥለት ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ቀረ። በሳሙና ልሞክረው አልኳት። "እንዳትነኪው" አለች።

ከፍሎም በጀልባ ወጣን። ጀልባዋ በኤሌክትሪክ ስለምትሄድ ድምፅ የላትም፤ ፏፏቴው ከሩቅ ይሰማል። ፍዮርድ የሚሉት የበረዶ ግግር በብዙ ሺህ ዓመታት የፈለፈለው፣ በኋላ ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው። ሶግኔፍዮርድ ትልቁ ነው፤ ወደ ምድሩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል፣ ጥልቀቱ 1,300 ሜትር ይደርሳል። እኛ የገባንበት ቅርንጫፉ ኔሮይፍዮርድ ግን ጠባብ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ስፋቱ 250 ሜትር ብቻ ነው። በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገደሉ ላይ አንድ የገበሬ ቤት አሳዩን። ድሮ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ባለቤቱ መሰላሉን ወደ ላይ ይስበው ነበር ይባላል። እማዬ ከልቧ ሳቀች። "እንደ ደብረ ዳሞ ነዋ! እሱ እንኳ ለሴት አይፈቀድም፤ እዚህ ግን እወጣ ነበር።"

በርገን ዘነበ። ከዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል፤ ክረምታችን እንዳለ እዚያ የሰፈረ ነው የሚመስለው። ብሪገን የሚባሉትን ወደብ ዳር የተደረደሩ ቀይና ቢጫ የእንጨት ቤቶች አየን። የጀርመን ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ሀብታቸው ከሰሜን የሚመጣ ደረቅ ዓሣ ነው፤ ያለ ጨው በንፋስ ብቻ የደረቀ የዓሣ ቋንጣ በሉት። ቃጠሎ ስለሚፈሩ መኖሪያቸው ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1702 ሰፈሩ ተቃጠለ፤ በቀድሞው መልክ መልሰው ሠሩት። እማዬን የነካት ብርዱ ነው፦ "ያለ እሳት እንዴት ከረሙ የሰው ልጆች?" የዓሣ ገበያውን ግን በሩቁ አለፍነው። ጾም ነው። የሳልሞን ጥብስ ሽታ እየተከተለን ዳቦና እንጆሪ በላን።

ጾሙ ሐምሌ 5 ተፈታ። የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ትሮምሶ ነበርን።

ትሮምሶ ከኦስሎ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከግንቦት 12 እስከ ሐምሌ 15 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። እማዬ ኦስሎ ላይ እንኳ ሌሊቱ አልጨልም ብሏት ነጠላዋን መስኮት ላይ ሰቅላ ነበር የምትተኛው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኖረችበት ሰዓት በፀሐይ ነው፤ ቀን 12፣ ሌሊት 12። ስትወጣ አንድ ብሎ ይቆጠራል፣ ስትገባ እንደገና አንድ። ፀሐይ ካልገባች ከየት ይጀመራል?

ማታ የዓሣ ሾርባ በላን፤ ከጾም በኋላ የመጀመሪያዋ ዓሣ ናት፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው። ከዚያ በኬብል ተንጠልጥላ በምትሄደው ሊፍት ተራራው ላይ ወጣን፤ 421 ሜትር። ከታች ከተማው ደሴት ላይ ተቀምጧል፤ ረጅሙ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወዲህ ደግሞ በ1965 የተሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን ነጭ ቤተ ክርስቲያን። ፀሐይዋ በሰሜን በኩል፣ ባሕሩን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት፣ አልነካም ብላ ወደ ጎን ትሄዳለች። ተራራው ሁሉ ማር የፈሰሰበት ይመስላል።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ከሌሊቱ 6 ሰዓት።"

"እኩለ ሌሊት?"

"እኩለ ሌሊት።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች። ከቦርሳዋ ዳዊቷን አወጣች፤ ጥግ ጥጉ ያለቀ፣ እኔን በልጅነቴ ያስተኛችበት ዳዊት። በእኩለ ሌሊት፣ ያለ ሻማ፣ ያለ መብራት፣ በፀሐይ አነበበች። ገጹ ላይ ያረፈው የጣቷ ጥላ ረጅም ነበር። ሰዉ ፎቶ ያነሳል፣ ይሳሳቃል። እሷ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ፎቶ አላነሳሁም። ሳየው የቀረልኝ ይበቃኛል።

ስትጨርስ ክረምቱን ነገርኳት። ከኅዳር 18 እስከ ጥር 7 ገደማ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም።

"ገናንስ?"

"ገናንም በጨለማ ነው።"

አሰበች። "ለካ ልክ እንደኛው ነው የሰጣቸው። በአንድ ጊዜ ሰጥቶ በአንድ ጊዜ መውሰዱ ነው እንጂ።"

ሎፎተን የሚባሉት ደሴቶች ጋ አላደረስኳትም። የእንጨት ጎጆዎቹንና የዓሣ ማድረቂያ ቆጦቹን ልታይልኝ እፈልግ ነበር። ፕሬከስቶለንንም ተውነው፤ 604 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ለመቆም ረጅም መውጣት አለው፣ ጉልበቷም አይችልም። ገንዘቡም አልቋል፤ ይኼ አገር ውድ ነው፣ አልደብቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ከእንግዲህ አላመነታም። ባቡሩን፣ ቦርጉንድን፣ የትሮምሶን እኩለ ሌሊት እላለሁ። ቀሪው ጊዜ ካለ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ወንድሜ ቤት አርፋለች። አዲስ አበባ ዝናብ ነው፣ ድምፁ በስልኩ ይሰማል። ነጠላውን ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች።

"ፀሐይዋ ገባች?" አለችኝ።

መስኮቱን አየሁ። የማዶው ፎቅ ላይ ገና አለች።

"አልገባችም እማዬ።"

"በይ እንግዲህ፣ የሆነ ነገር ስቀይበትና ተኚ። ነገ ሥራ አለሽ።"